የሚዜዬ ዓሣና የኔ አምባዛ

ወደ ተከዜ የወረድኩት ዓሣ ላጠምድ ነው እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬአለሁ። እግዜር ግን ያውቃል፤ ቅናት ነድቶኝ ነው። ዕድሜዬ ከስድሳ አልፎ፣ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር እየተንቋቋ፣ ከመርፌ በቀር ሹል ነገር በእጄ ነክቼ የማላውቅ ልብስ ሰፊ፣ ሌላ ምን ያንቀሳቅሰኛል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘግይታ የመጣች አንዲቷ ልጄ ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ፣ እንደ ወጉ እናቷ ቤት መጥታ ተቀምጣለች። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንድ ጧት ሆዷን ደገፍ አድርጋ «ዓሣ አማረኝ» አለች። የእርጉዝ አምሮት ቀልድ አይደለም፤ ካላገኘችው ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ «አባትሽ እያለ!» ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አያ ካሣ ያምጣልኝ» አለች።

ካሣ ሚዜዬ ነው። ሚስቴን ዘነቡን ከአባቷ ቤት በበቅሎ አፈናጦ ያመጣልኝ፣ በወጋችንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ የሆነ ሰው። ሰው በሚስቱ ወንድም አይቀናም፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቀንቻለሁ። ካሣ ጨው ነጋዴ ነው፤ አህያ እየነዳ ተከዜን ይሻገራል፣ ሲመለስ ዓሣ ይዞ ይመጣል። ዘነቡ ዓሣውን ስትቀበል የምታሳየውን ፈገግታ እኔ በሠርጌ ቀን እንኳ አላየሁትም። እኔ የሰፋሁላትን ቀሚስ «ጠባብ ነው» ትላለች። የካሣን ዓሣ አጥንት አለው ብላ አታውቅም።

ይህ ሁሉ እንዳይበቃኝ ዘነቡ ሳቅ ብላ «እንግዲህ ዓሣውን ያመጣ የልጁን ስም ያወጣል» አለች። በቤታችን የዘነቡ ቀልድ ሕግ ነው። የልጅ ልጄን ስም ደግሞ እኔ ከወዲሁ መርጬዋለሁ፤ ወንድ ከሆነ መኩሪያ። ይህን ስም ካሣ በአንድ ዘንቢል ዓሣ ሊወስድብኝ ነው።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

ካሣ ማታ ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። «ደምሴ፣ ወንዝ ዳር ሱሪ የሚቀደድበት ሰው የለም። የማንን ልትሰፋ ነው?»

ዝግጅት

መንጠቆ ከገበያ አልገዛሁም፤ ለኩራቴ። ሦስት የጆንያ መርፌ በእሳት አግዬ አጎበጥኩ። የጫማ ክር ደርቤ፣ አክርሬ፣ በሰም አሸሁት። የዋግ ማር ሰሙም ጠንካራ ነው። ለማደሪያ ደግሞ ከኮረም ከሚመጣው የጭነት መኪና ሾፌር፣ ኮት ጠግኜለት፣ አሮጌ ሸራ ተቀበልኩ። በሸራው ድንኳን ሰፋሁ። ካሣ የሚተኛው ጀንዲ አንጥፎ ነው፤ እኔ ድንኳን እንዳለኝ ይወቅ!

ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ካሣ ፊት፣ ሁለቱ አህዮች መሐል፣ እኔ ኋላ፤ አህዮቹም ከኔ ይልቅ መንገዱን ያውቁታል። ከከተማው እንደወጣን ኮረብታው ራቁቱን ነው፤ ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ እዚህም እዚያም ግራር። ማሽላው ታጭዶ ገለባው ብቻ ቆሟል። ነፋሱ ጧት ላይ ይቆርጣል፤ ረፋድ ላይ ጋቢዬን አውልቄ አህያዋ ላይ ጫንኩ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ራሴን የሚጭንልኝ አህያ አማረኝ።

ያገኘነው ሰው ሁሉ «አያ ካሣ! እንዴት ከረሙ!» እያለ እጁን ይስመዋል። አንድ ከሰቆጣ ገበያ የሚመለስ ገበሬ አየኝና ካሣን «እኚህስ ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀው።

«ልብስ ሰፊው ደምሴ ናቸው።»

ገበሬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ኧረ እሳቸው ናቸው? ቆመው አይቻቸው ስለማላውቅ ነው!»

ካሣ ይህን ቀልድ እስከ ጽጽቃ አራት ጊዜ ደገመው። መጀመሪያ እኔም ስቄአለሁ።

ሲመሽ ጽጽቃ ደረስንና ካሣ ሁልጊዜ ከሚያርፍባት ከወይዘሮ አለሚቱ ቤት ገባን። እግራችንን አሳጠበችን፣ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች። በጽጽቃ ዶሮ በስሙኒ ይገኛል፤ ሰቆጣ ቢሆን እጥፉ ነው። ይህን የጻፍኩት መንገደኛ እንዲያውቀው ነው እንጂ ለኛስ ዶሮ አልታረደልንም። ሴትዮዋ ግን ስለ ካሣ ዓሣ እስክንተኛ አወራች። ባለፈው ያመጣላት ዓሣ እንዴት ያለ እንደነበር፣ አማቷ እንዴት ጣታቸውን እንደላሱ። ዞር ብላም «አባባ፣ እርስዎም ያጠምዳሉ?» አለችኝ።

«ዘንድሮ ነው የጀመርኩት» አልኩ፤ ዘንድሮ ማለት ነገ ነው።

ወደ ተከዜ ቁልቁል

ከጽጽቃ በኋላ መንገዱ ይወርዳል። ይወርዳል ማለት ቀላል ነው፤ ጉልበት ላለው። ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ እንደ ምድጃ። ከአንድ ዘወርታ ላይ ተከዜ ታየ፤ ክረምት የሚያስፈራው ወንዝ በጥር አሸዋ መሐል ተኝቶ አረንጓዴ ሆኗል። አንዳንድ ቦታ ድንጋይ ለድንጋይ ይዘለላል፤ አንዳንድ ቦታ ግን ውሃው ጠልቆ እንደ ባሕር ይቆማል። ዓሣው የሚተኛው እዚያ ነው።

ዳርቻው ላይ ፍየሎቹን የሚያጠጣ ግደይ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ተቀበለን። እኔ አገውኛ እችላለሁ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁት፤ ፊቱን ዘወር አድርጎ ሳቁን ዋጠ። ምን እንዳልኩት ካሣን ብጠይቀው «ለፍየሎቹ ነው ሰላም ያልከው» አለኝ።

ግደይ በአማርኛ መለሰልኝ፤ አማርኛው ከኔ አገውኛ እጅግ ይሻላል። «ብርብራ ይዛችኋል? አምና መንገደኞች ብርብራ ወቅጠው ጨምረው፣ ዓሣው ሰክሮ ተንሳፈፈ፤ ፍየሎቼም ከዚያው ውሃ ጠጡ። ከያዛችሁ ዓሣችንን ተዉት።»

«መርፌ ብቻ ነው የያዝነው» አልኩ፤ መንጠቆዎቼን አውጥቼ አሳየሁት። ግደይ አገላብጦ አይቶ «በዚህ ምን ሊሰፉ ነው?» አለኝ።

ከትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ሰፈርን። ካሣ ጀንዲውን አነጠፈና ጨረሰ። እኔ ድንኳኔን ተከልኩ፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ ለንጉሥ የሚሆን። ግደይም ካሣም ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ያምራል» አለ ካሣ። «በየት ነው የሚገባው?»

ዞርኩ። በፊት በኩል ሰፍቼዋለሁ፤ በኋላ በኩልም ሰፍቼዋለሁ። አርባ ዓመት የተቀደደ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ክፍት ሸራ አይቼ እንዴት ዝም እላለሁ! በምላጭ ተርትሬ በር አወጣሁለት። ካሣ መሬት ላይ ተንከባለለ።

ወንዙ ዳር

በዚያ ቀን ካሣ ሊጥ በጉበት ለውሶ መንጠቆው ላይ ያደርጋል፣ እንትፍ ይልበታል፣ ይጥላል፣ ያወጣል። ቅርፊታቸው በፀሐይ የሚያበራ፣ ክንድ የሚያክሉ ዓሦች። ያው ሊጥ፣ ያው ጉበት እኔም ጋ አለ፤ ምራቅም አላነሰኝም። እኔ ያጠመድኩት የራሴን ነጠላ ነው፤ ሁለት ጊዜ። ካሣ ዓሣ ባወጣ ቁጥር «ጎሽ» እላለሁ፤ «ጎሽ» ስል ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ፀሐይ ስትጠልቅ እሳት አንድደን ከዓሦቹ ሁለቱን በበርበሬና በጨው ጠብሰን በላን። ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን ይጣፍጣል። ካሣ አጥንቱን ወደ እሳቱ ወርውሮ «ዓሣስ ማንም ይይዛል» አለ።

ማንም! እኔን አይቶ ነው?

«ስም ማውጣት ነው እንጂ» ቀጠለ። «እኔ እስከ ዛሬ ስም ያወጣሁት ለአህያ ብቻ ነው።»

ካሣ ልጅ የለውም። ሚስቱም ከሞተችበት ቆይቷል። ይህን ሲል ማዘን ነበረብኝ፤ ሰው ነኝና ትንሽ አዘንኩ። ግን ከኀዘኑ ሥር ሌላ ነገር ብድግ አለ፤ ለካ ስሙን የምር ይፈልገዋል! ዘነቡ ቀልዳ ይሆናል፤ እሱ ግን አልቀለደም። እንዲያ ከሆነማ ፈጽሞ አላስነካውም።

በማግስቱ ጧት ክሬ ተወጠረ። መጀመሪያ ድንጋይ መሰለኝ፤ ድንጋዩ ግን ወደ ውሃው ይጎትተኝ ጀመር። «ካሣ! ተያዝኩ!» ብዬ ጮኽኩ። ያዝኩ ማለቴ ነው። ግደይ እየሮጠ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ፣ ካሣ ክሩን ያዘ፤ የጫማ ክሩ ግን፣ ሰሙ ይባረክ፣ አልተበጠሰም። ጎትተን አሸዋው ላይ አወጣነው። እንደ ሕፃን የከበደ፣ ራሱ ጠፍጣፋ፣ ሰውነቱ እንደ ተላጨ ራስ የለሰለሰ፣ አፉ ግራና ቀኝ ረጅም ጺም የተንዠረገገ አውሬ!

«አባባ» አለ ግደይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ዘመድዎን ነው የያዙት። ጺማችሁ አንድ ነው።»

ምን ቢል ግድ የለኝም። ከካሣ ዓሦች ሦስቱ ቢደመሩ የኔን አያክሉም። ካሣ ግን ኮስተር ብሎ አየው።

«ደምሴ፣ ይህ አምባዛ ነው።»

«ዓሣ ነው።»

«ቅርፊት የለውም። የስንዱ አማት መሪጌታ ናቸው፤ ያዩታል። ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ማለቱን አንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ፤ ዳዊት የደገምከው አንተ ነህ።»

«ቅርፊቱ ሳስቶ ነው» አልኩ። «ሱሪም ሲያረጅ ይሳሳል።»

«ለነፍሰ ጡር አይሆንም እኮ ነው የምልህ።»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ካሣ ቀናብኝ! ቅናትን ከኔ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? ፊቱ እንዴት እንደሚጨልም፣ ምክር መስሎ እንዴት እንደሚወጣ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ። «ይህ አይሆንም፣ ያ አይበላም» ማለት የቀናተኛ ቋንቋ ነው፤ ስንት ጊዜ የሱን ዓሣ እኔ ራሴ «ሸቷል» ብያለሁ! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እሺ» አለ ካሣ ከንፈሩን ነክሶ፤ ጨውም ሰጠኝ። ሁሉንም ሰንጥቀን፣ ጨው ነስንሰን፣ በጭስ አደረቅነው።

የልግስና መንገድ

ስንመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁለታችንም ዓሣ ይዘን ሰቆጣ ብንገባ ስንዱ ወደ ለመደችው ታደላለች። የኔ ብቻ ቢገባስ?

ከግደይ ጀመርኩ። «ካሣ፣ ውሃው የሱ ነው፤ ዝም ብለን ልንሄድ ነው?» ካሣ ሁለት ዓሣ ሰጠው። ጽጽቃ ላይ ወይዘሮ አለሚቱን አልረሳኋትም፤ አማቷንም፤ ጎረቤቷ ያለችውን አራስም። «የሚሰጥ እጅ አይነጥፍም» አልኩ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ። መንገድ ላይ ያረፉ ሁለት መነኮሳት አየሁና ከካሣ ፊት ሮጬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ፤ ከዚያ ወዲያ ካሣ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም።

«ከመቼ ወዲህ ነው አንተ እንዲህ ደግ የሆንከው?» አለኝ።

«መንገድ ሰውን ይለውጣል።»

«ከራስህ አምባዛ አንድ ቁራጭ አትሰጥም?»

«እሱ ሙሉውን መታየት አለበት።»

ሰቆጣ መግቢያ ስንደርስ ካሣ የቀረው በልጥ የታሰረ አራት ዓሣ ነው። «ይህ የስንዱ ነው፤ ይህንንስ ንጉሥ ቢጠይቀኝ አልሰጥም» አለ። እኔም «ይሁን» ብዬ፣ ጉሮሯችን ደርቋል አልኩና ታየች የምትባል ባልቴት ጠላ ቤት ይዤው ገባሁ። ገና አንድ ጽዋ ሳንጨርስ በቤቱ ሙሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«ታየች፣ ዕድለኛ ነሽ! አያ ካሣ ይህን ዓሣ ከተከዜ ድረስ ላንቺ ብሎ ተሸክሞት መጣ» አልኩ።

ታየች እልልታዋን አቀለጠችው። የካሣን ጉልበት ስማ፣ «እኔን የሚያስብ ሰው አለ ወይ ብዬ ነበር» ብላ ዓይኗን ጠረገች። እንዲህ ካለች ሴት እጅ ማን መልሶ ይቀማል? ካሣ ጽዋውን እስከ አተላው ጨለጠና ዓሣውን ሰጣት። እኔን አላየኝም። «አህያዋም ቀለላት» አለ ብቻ።

ቤት

ደጃፉ ላይ ዘነቡ፣ ስንዱና ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ መሪጌታ ኀሩይም ምራታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አምባዛዬን ከሸራው ፈትቼ፣ ልጅ እንደሚያሳይ ሰው በሁለት እጄ አነሳሁት።

መሪጌታ በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «አቶ ደምሴ፣ ክንፉን አይቻለሁ። ቅርፊቱ ወዴት አለ?»

«በመንገድ... ሳይረግፍ አይቀርም» አልኩ።

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ስንዱ ግን አልሳቀችም። ጺሙን አየች፣ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አያ ካሣ፣ ያንተስ የት አለ? አልያዝክም?»

«ይዤ ነበር። ሰጠሁት።»

«ለማን?»

«አባትሽ ላሳየኝ ችግረኛ ሁሉ።»

ልጄ ሆዷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ያን ጊዜ ነው ቅናቴ ምን እንዳደረገ የገባኝ፤ ካሣን አራቁቼ ልጄን አስርቤአለሁ። ዘነቡ ወደኔ ዞረች። «ሰውዬ፣ ተነስ» አለች። ቆሜ ነበር፤ ግን ተነሳሁ።

ታየች ዓሣዎቹን አጥባ፣ ሽንኩርቱን እያቁላላች ሳለ ጠላ ቤቷ ደረስኩ።

«በጽድቅ የተሰጠ ይመለሳል እንዴ፣ አያ ደምሴ?»

«ስንዱ አምሯት ነው፤ በእግዜር!»

«ልብስ ሰፊ የሰፋውን ይተረትራል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የሰጠውንም መሆኑን ዛሬ አየሁ። እሺ፤ ግን ንገረኝ፣ የማን ዓሣ ነው?»

«ያው... የካሣ።»

«ጠጪው አልሰማህም።»

«የካሣ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «የያዘው ካሣ ነው! ለስንዱ ብሎ ነው! እኔ ነኝ ያስቀረሁት!» ጠላ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አራቱንም መለሰችልኝ፤ ሽንኩርቱን ጭምር፣ ከነድስቱ።

ስንዱ አንዱን ዓሣ አጥንቱን እየመጠመጠች ጨረሰች፤ ሁለተኛውን ጀመረች፤ ፊቷ ፈካ። በመጨረሻ ጣቷን ልሳ «ታዲያ ማን አመጣው እንበል?» አለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዘነቡ ሕግ «የያዘ» አይልም፤ «ያመጣ» ነው የሚለው። ከታየች ቤት እስከዚህ ድስቱን በእጄ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ዳኛ ፊት ቢቀርብ እረታለሁ። ሁሉም እኔን ያያል፤ ካሣ ብቻ አያየኝም፤ ጎንበስ ብሎ የአህያዋን ገመድ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ ይጠቀልላል።

«ስሙን ካሣ ያውጣ» አልኩ። እንዲህ ያለው አፍ የኔ መሆኑን እስካሁን አላመንኩም።

ዘነቡ ያን ጊዜ አየችኝ። በሠርጌ ቀን ያጣሁት ፈገግታ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሆንም ግማሹ ለካሣ ነበር፤ አስልቻለሁ።

ወደ ተከዜ መውረድ ለሚያስብ የምለው ይህ ነው። ጥር ጥሩ ወር ነው፤ ጨው ያዙ፤ ድንኳን የምትሰፉ በር ተዉለት። ቅናታችሁንም ቤት ትታችሁ ሂዱ ልላችሁ ነበር፤ ግን አይቀርም፣ ይከተላችኋል፣ ያውም ሳይደክመው። ቢያንስ ዓሣ አታሸክሙት።

ስንዱ ወንድ ወለደች፤ ምልክት የሌለበት፣ ቀይ። ካሣ አዲስ ኩታ ለብሶ መጣ፤ እኔ የሰፋሁትን። ሕፃኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኩታውን ጫፍ አለበሰው።

«ይበቃል ይባል» አለ።

«ምኑ ነው የሚበቃው፣ አያ ካሣ?» አለች ዘነቡ።

«ለኔ» አለ። «ለኔ ይበቃኛል።»

መሪጌታ እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሕፃኑን ተቀብዬ «ይበቃል» ብዬ ጠራሁት፤ ዓይኑን ገለጠ። ከመኩሪያ ይሻላል፤ በጣም ይሻላል። ይህን ለካሣ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ ቀንቼበት።